ረቂቅ

ማርቆስ፣ ከዞኑ ቢሮ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣
ሐምሌ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው ከሰማይ፣
አንድ ፌስታል አፈር ከጠረጴዛው መሐል።
ከማቻከል መጥቷል፤ "ኮምጥጧል" ተብሏል።
ገብስ አልቀበል ብሎ፣ ባቄላ አቀጭጮ፣
ይኸው አቤት ሊል መጣ፣ ማሳውን ትቶ።

እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ።
ማን ምን እንዳለ እጽፋለሁ።
ለምን እንዳለ የሚጠይቀኝ የለም፤
ግን እሰማለሁ።

አቶ ልየው ቀደሙ።
ቡሬ፣ ካባታቸው መጋዘን፣ ጆንያ ላይ ተኝተው ያደጉ፣
በሚዛን ድንጋይ ነው ቁጥር የለመዱ።
ፌስታሉን ባንድ እጅ አንሥተው መዘኑት፤
"ኪሎ ከሩብ" አሉት።
"ኖራው በብድር ይሁን። በነጻ የሰጡት
ዝናብ እስኪበላው ነው በደጅ የሚያቆዩት።"
እውነት አላቸው።
መጋዘን ያስተማረው እውነት።

ሻለቃ አንማው ካርታ ጠየቁ፤ ቀይ እስክሪብቶ ጠየቁ።
ጡረታ ከወጡ አራት ዓመት ሆናቸው፣
ቀበቶውን ግን ገና አልረሳውም ወገባቸው።
"በሦስት ግንባር ገብተን፣ አሲዱን ከበን፣
እስከ መስከረም ድረስ ጠራርገን..."
ቀዩ ቀስት ማቻከልን ሰንጥቆ ሲያልፍ
አንድ ሰው የሻይ ብርጭቆውን ከካርታው አሸሸ።
ባላገሩ በየትኛው ወገን እንደተሰለፈ
አልተመዘገበም።

ከዚያ አቶ ሽባባው። ሕግ ሳይማሩ በፊት
ዘጠኝ ዓመት ጎንጂ፣ ከቅኔ ቤት።
"ኮምጣጣ አይባልም" አሉ፣ "ይህ ቃል ይታረም፤
በስሙ የሰደቡት መሬት አያበቅልም።
የተቀየመ እንበለው። የተቀየመ ይታረቃል።"
ተጨበጨበ። ግማሽ ሰዓት የፈጀው እርሱ፣
የሰነዱ ርእሱ።
"የተቀየመ መሬት" ተብሎ ጸደቀ፤
አፈሩ ግን በፌስታሉ እንዳለ፣ አልታረቀ።

ዶክተር የሺሀረግ እስከዚያ ዝም ብላ ነበር።
ከበረዶ አገር ተምራ የመጣች፣ በመስታወት ቤት፣
ስንዴዋን በማሰሮ፣ ዝናቧን በቧንቧ እያጠጣች።
"ናሙና" አለች። "ሁለት ዓመት ጥናት።"
ደግሞ ቀና ብላ ጣራውን አየችው፣
እንዲህ ያለ ዝናብ በቧንቧዋ እንዳልነበረ
ያን ጊዜ ትዝ ያላት ይመስል።

ባለፌስታሉ ሰውዬ በረንዳ ላይ ቆሟል።
ስሙን አልጻፍሁትም፤ ስብሰባው አልጠራውም።
ውኃ ልጠጣ ስወጣ "ምን አሉ?" አለኝ።
"ይታረቃል አሉ" ስለው ሳቀ፤
"ኖራውስ በምን ይሻገራል?" ብሎ ጠየቀ።

ከታችኛው ጨሞጋ ማዶ ነው የተወለድሁት።
ወንድሜ፣ ነሐሴ ላይ፣ ማዳበሪያ በትከሻው ይዞ ገባበት።
ጆንያውን አገኘነው።
ዕዳው እኛን አገኘን።

ማታ ረቂቁን ስተይብ፣ ከተራ ቁጥር ስድስት በታች፣
ጣቴ ሰባትን ጻፈ፦
"ከሁሉ አስቀድሞ የታችኛው ጨሞጋ ድልድይ ይሠራ።"
ማንም አላለውም። ማንም ሳያስተውል ተፈረመ፣ አለፈ።
ሚዛኑን፣ ቀስቱን በሆዴ የታዘብሁ እኔ
ባንዲት የወንድሜ ጆንያ
ዞኑን ሁሉ ለካሁት።

ረቂቁ ባሕር ዳር ሄደ።
በጥቅምት ተመለሰ፣ ገጽ አሥራ አንድ ላይ ታጥፎ።
እዚያ ያሉት አማካሪ የጣና ዳር ልጅ ናቸው አሉ፣
አባታቸው ደንገል እያሰሩ ያሳደጓቸው።
ሰባትን አስምረውበታል፤ በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሑፍ፦
"ድልድይ ውድ ነው። ታንኳስ?"

ጨሞጋን አስታወስሁ፣ ድንጋዩን፣ ድፍርሱን፣
ነሐሴ ሲሞላ የሚያሰማውን ድምፅ።
ብቻዬን ሳቅሁ።
ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፍቼ፣ "ታንኳ" ብዬ ጻፍሁ።
ሥራዬ ማን ምን እንዳለ ነው።